ፍጥነት የገደለው ጨዋታ

መንግሥታት እንዴት እንደወደቁ ብዙ ተጽፏል። ጨዋታዎች እንዴት እንደሞቱ ግን የሚጽፍ የለም። ጦርነት የተጀመረበትን ቀን እንሸመድዳለን፤ አንድ አገር ሙሉ ሌት ተቀን ይጫወተው የነበረ ጨዋታ ከገበያውም ከመንደሩም ድንገት ሲጠፋ ግን “ፋሽኑ አልፎበት ነው” ብለን እንሄዳለን። ይህች መልስ ለእኔ አትዋጥልኝም። ፋሽን በገዛ እግሩ ተነሥቶ አይሄድም። ወይ የሚያባርረው አለ፣ ወይ በሩን የሚዘጋበት አለ።

ዛሬ የማወጋችሁ በር ስለተዘጋበት ጨዋታ ነው። የትንንሽ ኤሌክትሪክ መኪናዎች እሽቅድድም። እንግሊዝ አገር በወጉ ተወለደ፣ አሜሪካ ሄዶ አበደ፣ እዚያው አሜሪካ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተንኮታኮተ። “ስንት ትልልቅ ጉዳይ እያለ ስለ ልጆች መጫወቻ?” የሚል አይጠፋም። ይታገሠኝ። አንደኛ ነገር ጨዋታው የልጆች ብቻ አልነበረም። ሁለተኛ ደግሞ፣ አንድ ማኅበረሰብ እንዴት እንደሚጫወት ያየ ሰው፣ እንዴት እንደሚነግድና እንዴት እንደሚኖርም በጨረፍታ ያያል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ፈረንጆቹ “ስሎት ካር” ይሉታል። ስሎት ማለት ጠባብ ስንጥቅ ነው፤ የገንዘብ ማጠራቀሚያ ሣጥን ላይ ሳንቲም የምናስገባባትን ዓይነት። እኛ ለዛሬ “የቦይ መኪና” እንበላት። መኪኖቹ የሚሮጡበት መም ላይ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ጠባብ ቦይ ይወጣለታል። ከቦዩ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት መስመሮች ይዘረጋሉ። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በእነሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ገደማ፣ ከመኪና ባትሪ የማይበልጥ። ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ወደ ቦዩ የምትገባ ምላስ አለች። ከምላሷ ግራና ቀኝ ደግሞ ከቀጫጭን የመዳብ ሽቦ የተጎነጎኑ ሁለት ጭራዎች ብረቱን እየዳሰሱ ኤሌክትሪኩን ለሞተሩ ያቀብላሉ። ተጫዋቹ መሪ የለውም። በእጁ ያለው እንደ ሽጉጥ ቃታ የሚሳብ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው። ሲስበው ትፈጥናለች፤ ሲለቀው ትቀዘቅዛለች።

“መሪ ከሌለው ታዲያ ምኑን ነዳው?” ትሉ ይሆናል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምላሷ መኪናዋን የምትይዛት ከአፍንጫዋ ብቻ ነው። ኩርባ ላይ ከልክ በላይ ከፈጠነች የኋላዋ ይንሸራተትና ምላሷ ከቦዩ ትነቀላለች፤ መኪናዋም ተፈናጥራ መሬት ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የጨዋታው ጥበብ ያለው ቃታውን በመሳብ ላይ ሳይሆን በመልቀቅ ላይ ነው። ቀጥታው መንገድ ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው። ሰው ከሰው የሚለየው ኩርባው አንድ ክንድ ሲቀረው ነው። ቀድሞ የለቀቀ ይበለጣል፤ ዘግይቶ የለቀቀ ይወድቃል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” የሚለው ተረታችን ለዚህ ጨዋታ የተተረተ ነው የሚመስለው።

ፍሬኑም የሚገርም ነው። ጥሩ መቆጣጠሪያ፣ ቃታው ሲለቀቅ ሞተሩን ከኤሌክትሪኩ ይነጥልና ሁለቱን ጫፎቹን እርስ በርስ ያገናኛቸዋል። ያን ጊዜ በግስጋሴው የሚሽከረከረው ሞተር ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል፤ ያመነጨው ኤሌክትሪክም መልሶ እሱኑ ያንቀዋል። የገዛ ፍጥነቷ ፍሬን ይሆናታል ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

*

ሐሳቡ ያረጀ ነው። የአሜሪካው የአሻንጉሊት ባቡር አምራች ላየነል ገና በ1912 ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ የሚሄዱ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ለገበያ አውጥቶ ነበር፤ ብዙ ሳይቆዩ ቀሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩን እንደገና ያነሡት ነጋዴዎች አልነበሩም፤ የእንግሊዝ የሞዴል ሠሪዎች ማኅበራት እንጂ። በ1954 የሳውዝፖርት ከተማ ማኅበርተኞች የኤሌክትሪክ መኪናዎች የሚሽቀዳደሙበት መም በእጃቸው ሠሩ። ሌሎች ማኅበራት ተከተሏቸው። አንዳንዱ በሐዲድ፣ አንዳንዱ በቦይ ይሞክር ነበር። በመጨረሻ ቦዩ አሸነፈ።

ነገሩን ከማኅበር ቤት አውጥቶ ሰው ቤት ያስገባው ግን ፍሬድ ፍራንሲስ የሚባል የመሣሪያ ሠሪ ባለሙያ ነው። ፍራንሲስ በ1947 ሚኒሞዴልስ የሚባል ድርጅት አቋቋመ፤ በ1952 ደግሞ ስኬሌክስ የተሰኙ፣ በሞላ የሚሄዱ የቆርቆሮ መኪናዎች አወጣ። መኪናዎቹ ተወደዱ፤ በኋላ ግን ገበያቸው ቀዘቀዘ። ለምን እንደቀዘቀዘ መገመት አይከብድም። በሞላ የሚሄድ መኪና ያለው ልጅ ሥራው አንድ ጊዜ ነው፤ ሞላውን ይጠነጥናል፣ ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ ቆሞ ተመልካች ነው። መኪናው ግድግዳ ቢመታም ከሶፋ ሥር ቢገባም እሱ የሚለው ነገር የለም።

ፍራንሲስ መኪናው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገባ፤ ከላስቲክ የተሠራ ባለ ሁለት ቦይ መምም አዘጋጀ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መቆጣጠሪያውን ለልጁ እጅ መስጠቱ ነው። ስኬሌክስንና ኤሌክትሪክን አጋብቶ “ስኬሌክስትሪክ” አለው። ጨዋታው ለሕዝብ የታየው በጥር 1957 በሃሮጌት የአሻንጉሊት ትርኢት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በዘመኑ የእሽቅድድም ሜዳ ስማቸው የገነነው ማሴራቲና ፌራሪ ነበሩ። መቆጣጠሪያው መጀመሪያ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ ብቻ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ፍጥነትን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሆነ። ፈላጊው ከድርጅቱ አቅም በላይ በመብዛቱ ፍራንሲስ በ1958 ሚኒሞዴልስን ላይንስ ብራዘርስ ለሚባለው ትልቅ የአሻንጉሊት ኩባንያ ሸጠ። ከ1960 ጀምሮ የቆርቆሮው ገላ ቀርቶ በፕላስቲክ ተተካ፤ ዋጋውም ለብዙ ቤት ቀረበ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ፍራንሲስ የሸጠው ፍጥነት አልነበረም። የሞላዋ መኪና ፍጥነት አላነሳትም። እሱ የሸጠው ውሳኔን ነው፤ “አሁን ልሳብ ወይስ ልልቀቅ?” የምትለዋን። ኋላ አሜሪካ ውስጥ የጠፋችው ይህችው ናት።

*

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነገሩ አትላንቲክን ተሻገረ። ጊዜው የተመቸ ነበር። ከጦርነቱ ማግስት የተወለደው ያ ብዙ ትውልድ ጉርምስና ውስጥ ገብቷል። አባቶች ሥራ አላቸው፤ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፤ መንገዱ ሁሉ መኪና ነው። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ መዳፉ ላይ የምትቀመጥ ፌራሪ ሲያገኝ ምን ይላል?

አሜሪካኖቹ ግን ነገሩን ቤት ውስጥ አልተዉትም። ልክ እንደ ቦውሊንግ ቤት ትልልቅ የእሽቅድድም አዳራሾች ከፈቱለት። ስምንት ሰው ጎን ለጎን የሚወዳደርባቸው፣ ወገብ ድረስ የሚደርሱ፣ ኩርባቸው እንደ ሳሕን ጠርዝ ወደ ውስጥ ያዘነበለ የእንጨት መሞች። ከመሞቹ ሁሉ ስመ ጥሩ “ኪንግ” የሚባለው ነበር፤ አንድ ዙሩ 155 ጫማ፣ ማለትም 47 ሜትር ገደማ። መኪኖቹም ከቤቱ ጨዋታ ተለቅ ያሉ ናቸው፤ ከእውነተኛው መኪና 24 ጊዜ የሚያንሱ፣ ከስንዝር እምብዛም የማይርቁ። ልጁ መኪናውን ይዞ ይመጣል፣ ቦይ በሰዓት ይከራያል፣ ይነዳል። ባዶ ሱቅ ያለው ሁሉ መም አስገባ። በ1960ዎቹ አጋማሽ እንዲህ ያሉ ቤቶች በመላ አሜሪካ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። ሬቬል፣ ሞኖግራም፣ ኮክስ የመሳሰሉት የሞዴል አምራቾች ተሻሙበት። በ1954 የተቋቋመው የጃፓኑ ማቡቺ ርካሽ ትንንሽ ሞተሮቹን በገፍ ላከ።

የአዳራሹን ባለቤት ሒሳብ እንመልከት። ገቢው ሁለት ነው፤ የቦይ ኪራይና የዕቃ ሽያጭ። ኪራዩ ልክ አለው፤ ቀኑ ያው 24 ሰዓት፣ ቦዩ ያው ስምንት ነው። የዕቃው ሽያጭ ግን ልክ የለውም። ዛሬ የገዛው ሞተር በሚቀጥለው ሳምንት እንዲበለጥ ብቻ ነው የሚፈለገው። ከተበለጠ ሌላ ይገዛል። ማንም ተንኮል አላሰበም፤ ሒሳቡ ራሱ ወደዚያ ይገፋል።

ታዲያ ምን ሆነ? መጀመሪያ አንዳንድ እጀ ብልኆች የማቡቺን ሞተር ከፍተው ሽቦውን በራሳቸው መንገድ መጠምጠም ጀመሩ። ነገሩ በእኛም አገር “የሞተር ጥምጠማ” የሚል ታፔላ የሚሰቀልበት ሙያ ነው። ቀጭኑን ሽቦ አውጥተህ ወፈር ያለ ሽቦ በጥቂት ዙር ስትጠመጥም ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ በጣም ይሽከረከራል፣ በጣምም ይግላል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፤ የእጅ ሙያ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን የተጠመጠመው ሞተር ታሽጎ ሱቅ ውስጥ ተሰቀለ። የሌላ ሰው ሙያ በገንዘብ የሚገዛ ሆነ። አዲሱ ሞተር አሮጌውን መቆጣጠሪያ ያቃጥለዋል፤ መቆጣጠሪያ ይገዛል። አሮጌው ጎማ አይችለውም፤ ጎማ ይገዛል። አሮጌው ሻንሲ ይዘላል፤ ሻንሲ ይገዛል። በ1968 ሞተሩን በሰያፍ የሚያስቀምጥ አዲስ የሻንሲ አሠራር ሲመጣ የትናንቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ አረጀ። በልጁ ኪስ ብቻ ሳይሆን በባለ ሱቁ መደርደሪያም ላይ አረጀ።

መልኩም ተለወጠ። መጀመሪያ መኪኖቹ ማሴራቲና ፌራሪ፣ ፎርድና ሎተስ ይመስሉ ነበር፤ ነጂው ሳይቀር መነጽሩን አድርጎ ይታያል። መልክ ግን ክብደት አለው። ስለዚህ ገላው እንደ ወረቀት የሳሳ ፕላስቲክ ሆነ፤ ቀጥሎ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ቀጥሎ አየር እንዲጫነው ክንፍ አወጣ። በመጨረሻ ላይ የሚሮጠው ነገር መኪና ይሁን የተጣለ ካርቶን ለመለየት የሚያስቸግር ሆነ። የዚህ ዓይነቶቹ መኪናዎች ዘሮች ዛሬ ያን 47 ሜትር መም ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይዞሩታል። በሰዓት ከ85 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፤ ያውም ከነኩርባው! ዓይን አይከተላቸውም።

አሁን አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አስቡ። ለልደቱ የተገዛለትን፣ ፌራሪ የምትመስል መኪና በካርቶን ይዞ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ገባ። የኪራዩን ሳንቲም ከፈለ። ከሰባት ታላላቅ ልጆች ጎን ቆመ። ምልክቱ ተሰጠ። የእሱ መኪና የመጀመሪያውን ኩርባ ሳትጨርስ የእነሱ ሁለት ጊዜ ዞረው አለፏት። ልጁ ቃታውን በልኩ ቢለቅም ባይለቅም ለውጥ የለውም፤ ችሎታው የሚለካበት ዕድል ራሱ አልተሰጠውም። ምን ያደርጋል? አይሳደብም፣ አይጣላም፣ አቤቱታም አያቀርብም። መኪናውን ካርቶኗ ውስጥ መልሶ ቤቱ ይሄዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም።

የጨዋታው ሞት ይህ ነው። ድምፅ የለውም። የቀሩት ደንበኞች ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚያወጡት ናቸውና፣ ባለ ሱቁ ገበያው የደራለት ይመስለዋል። አዳዲሶቹ መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል። አስቀድመው ያሉት ደግሞ ያድጋሉ፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፣ ቬትናም ይዘምታሉ። የሚተካቸው የለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ አብዛኞቹ አዳራሾች በሮቻቸውን ዘግተው ነበር።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ። አዳራሾቹ ከሚገባው በላይ በዝተው እርስ በርስ ተበላልተዋል። በ1968 ማቴል የተባለው ኩባንያ “ሆት ዊልስ” የሚባሉትን፣ ያለ ኤሌክትሪክ በቁልቁለት የሚንደረደሩ ርካሽ መኪናዎች አውጥቶ የትንንሾቹን ልብ ወስዷል። እሺ። ነገር ግን ውድድር ሲመጣ የሚተርፍ ሥራ፣ አዲስ ሰው የሚገባበት በር ያለው ሥራ ነው። እዚህ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር።

*

የሚገርመው ግን ጨዋታው ጨርሶ አለመሞቱ ነው። አዳራሹ ሲዘጋ የቤቱ ጨዋታ ቀጠለ። የኒው ዮርኩ አውሮራ ኩባንያ በ1960 ከእንግሊዝ ፈቃድ ወስዶ፣ ጣት የምታህሉ መኪናዎች የሚሮጡበት፣ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ መም ማውጣት ጀምሮ ነበር። በ1963 “ተንደርጄት” የምትባል፣ ሞተሯ እንደ ቂጣ በጀርባው የተኛ መኪና አወጣ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ተሸጠ። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ ፉርት ከተማ ካሬራ ተጀመረ። እናት ኩባንያው ላይንስ ብራዘርስ በ1971 ሲከስር ስኬሌክስትሪክ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተረፈ። ዛሬም አለ።

ለምን የቤቱ ተረፈ? የዚህን መልስ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ሜሪላንድ ከሚኖር አንድ ወዳጄ ነው። ወዳጄ አዲስ አበባ ሳለ ሥራው ሞተር መጠምጠም ነበር። እዚያ ከሄደ በኋላ ጡረታ የወጡ አንድ አሜሪካዊ ጎረቤት አገኘ፤ ሽማግሌው ምድር ቤታቸው ውስጥ በራሳቸው እጅ የሠሩት ባለ አራት ቦይ መም አላቸው። ወዳጄ “ጋሼ” ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም አቤት ማለት ለምደዋል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ የሠፈር ሰው እዚያ ይሰበሰባል። አንድ ቅዳሜ እኔም ተጋብዤ ሄድኩ።

ከውድድሩ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ከውድድሩ ይበልጣል። መጀመሪያ መሙ ይጸዳል፤ ብረቱ ላይ አቧራና ዝገት ካለ ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል። ሽማግሌው መሙ ሥር ተንበርክከው ከኤሌክትሪክ ምንጩ ወደ ሩቁ ጫፍ የዘረጉትን ተጨማሪ ሽቦ አሳዩኝ። መስመሩ ሲረዝም ኃይሉ ስለሚደክም፣ ራቅ ያለው ኩርባ ከቅርቡ እኩል ጉልበት እንዲያገኝ በየቦታው ይቀጠላል። ቀጥሎ ተራው የመኪናዎቹ ነው። ወዳጄ አንዷን አንሥቶ ገለበጣት። ምላሷ አጠገብ ያሉትን የመዳብ ጭራዎች በጣቱ አበጠራቸው፤ ከተጣበቁ ብረቱን በደንብ አይዳስሱም። የኋላ ጎማዎቿን በብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሽከረከረ ሞረዳቸው፤ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ክብ ይመስላል እንጂ ክብ አይደለም። የጎማው ዘንግ መቀመጫ ላይ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ዘይት አኖረ። “ሁለት ጠብታ ካደረግህ ጎማው ላይ ይረጫል፤ ያን ጊዜ በሳሙና ላይ እንደ መንዳት ነው” አለኝ። ከዚያ ጆሮው አጠገብ ይዞ አስነሣት። የሞተሩ ትንሽ ጥርስና የጎማው ትልቅ ጥርስ ከተጨናነቁ ታቃስታለች፤ ከተራራቁ ታንኳኳለች፤ ልክ ሲሆኑ እንደ ንብ ታዜማለች። በመጨረሻ ገላዋን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች ግማሽ ዙር አላላቸው። ገረመኝ፤ ሰው ያጠብቃል እንጂ ያላላል? “ገላዋ ትንሽ መወዛወዝ አለበት” አለኝ። “ድርቅ ካለች ኩርባ ላይ ትዘላለች።”

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ማለፊያ ነው። ዋናው ነገር ግን ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈው ደንብ ነው። ሞተር ከፋብሪካ እንደመጣ፤ መክፈት ክልክል። ጎማ ለሁሉም አንድ ዓይነት። ማግኔት ይወጣል። መቆጣጠሪያ የቤቱ ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በአራቱም ቦይ እኩል ደቂቃ ይነዳል፤ የውስጡ ቦይ አጭር ነው ግን ኩርባው ይጠብባል፣ የውጪው ሰፊ ነው ግን ይረዝማል፤ ማንም “ቦዩ በደለኝ” እንዳይል። የማይነዳ ሰው ደግሞ ኩርባ ላይ ቆሞ የወደቀ መኪና አንሥቶ ወደ ቦዩ ይመልሳል። ይህችኛዋ በተለይ ልቤን ነካችው። አሁን ያሸነፈህን ሰው መኪና በሚቀጥለው ዙር የምታነሣለት አንተ ነህ፤ ያንተንም እሱ ያነሣልሃል። እጅህን ብታዘገይ ነገ ይዘገይብሃል።

ማግኔቱን ለምን እንደሚያወጡ ጠየቅሁ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አምራቾቹ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ማግኔት ማስገባት ለምደዋል፤ ማግኔቱ የመሙን ብረት ስቦ መኪናዋን ያጣብቃታል። ለጀማሪ ልጅ ጥሩ ነው፤ አትወድቅበትም። ችግሩ ኩርባው ላይም ቃታው እንደተሳበ መቅረቱ ነው። መንሸራተት የምትባለዋ ማስጠንቀቂያ ትጠፋለች። ማግኔቱ ይይዛል፣ ይይዛል፣ የለቀቀ ለታ ግን መኪናዋ ሳታስጠነቅቅ ግድግዳ ላይ ናት። ያለ ማግኔት ስትነዳ የኋላዋ ቀስ ብሎ ሲወጣ ታያለህ፤ ልቀቅ እያለችህ ነው።

ከዚያ ወዳጄን ለብቻው አድርጌ የሚያሳክከኝን ጥያቄ ጠየቅሁት። “አንተ እኮ የዕድሜ ልክ ሞተር ጠምጣሚ ነህ። አንድ ማታ ቁጭ ብለህ ብትጠመጥማት እነዚህን ሁሉ አቧራ አታስልሳቸውም?”

ሣቀብኝ። “አስልሳቸዋለሁ እንጂ! አንድ ቅዳሜ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማን ይመጣልኛል?”

የአሜሪካ ባለ አዳራሾች በብዙ ገንዘብ ያልገዟትን መልስ ይህ ሰው በነጻ ይዟታል። ያን ማታ ያሸነፈችው፣ በነገራችን ላይ፣ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ናት። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያሸነፈችው ከሁሉ ስለፈጠነች አይደለም፤ ማታውን ሙሉ የወደቀችው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ነው። የድሮዎቹ የአሻንጉሊቱ ሣጥኖች ላይ የሚሣለው ብዙውን ጊዜ አባትና ወንድ ልጅ ነበር። መኪናዎቹን ያስተካከለው ደንብ ማን ቃታውን እንደያዘ አይጠይቅም።

*

ባለፉት ዓመታት ቴክኖሎጂው ብዙ ሄዷል። ከ2004 ወዲህ በአንድ ቦይ ላይ ብዙ መኪና የሚነዳበት፣ ቁልፍ ተጭኖ ከቦይ ወደ ቦይ የሚሻገርበት ዲጂታል መም አለ። በኮምፒዩተር ዙር የሚቆጥር፣ ነዳጅ እንዳለቀ አስመስሎ የሚያዘገይም አለ። ጥሩ ነው። ጥያቄው ግን አልተለወጠም፤ አዲስ የመጣው ሰው ቃታውን ሲይዝ ችሎታው ይለካል ወይስ ቦርሳው?

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። ሠርጋችንን ተመልከቱ። አንዱ አሥር መኪና አሰለፈ፤ ሌላው ሊሞዚን ጨመረ፤ ሦስተኛው አዳራሽ ለወጠ። ማንም ተንኮል አላሰበም፤ ሁሉም ልጁን ነው የሚድረው። በመካከሉ ግን አቅም ያነሰው ዘመድ ስጦታውን አስልቶ፣ ልብሱን አይቶ፣ “ሥራ በዝቶብኝ ነው” ይልና ይቀራል። እንደዚያ ልጅ ካርቶኑን ይዞ ቤቱ ገባ። አይሳደብም፣ አይጣላም። የቀረነው ደግሞ አዳራሹ ሞልቶ ስናይ ዘመዱ ሁሉ የመጣ ይመስለናል።

አባቶቻችን ይህን የሚያውቁት ይመስለኛል። ለቅሶ ቤት የሚቀርበውን ምግብ በደንባቸው የወሰኑ ዕድሮች አሉ። ሀብታም መግዛት ስለማይችል አይደለም፤ ቢገዛ ቀጣዩ ሐዘንተኛ ድሃ በሐዘኑ ላይ ሐፍረት ስለሚጨመርበት ነው። ሠፈር ውስጥ ኳስ ስንጫወት ሁለቱ አምበሎች ተራ በተራ እየመረጡ ቡድን የሚከፍሉትም ለዚሁ ነው። ጎበዞቹ ሁሉ አንድ ወገን ከገቡ ጨዋታው አሥር ደቂቃ አይቆይም፤ የተሸነፈው “እናቴ ጠርታኛለች” ብሎ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ደንብ ጎበዝን ወደ ኋላ የሚጎትት የሚመስላቸው አሉ። ተሳስተዋል። ወዳጄ ደንቡን አክብሮ ጎማ ይሞርዳል፣ ጥርስ ያዳምጣል፣ ብሎን ያላላል፤ ከሌሎቹ ይበልጣልም። ሙያው አልተከለከለም። የተከለከለው ሙያ የሌለው ሰው የሌላውን ሙያ ገዝቶ ሌላውን ሁሉ ከጨዋታ ማስወጣቱ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲጠፋ፣ ውድድር የነበረው ነገር ግዢ ይሆናል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ፍሬን አስታውሱት። ቃታው ሲለቀቅ ሞተሩን የሚያቆመው ከውጭ የመጣ ኃይል አይደለም፤ የገዛ ግስጋሴው ወደ ራሱ ተመልሶ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩት የአሜሪካ አዳራሾች ይህ ፍሬን በየመኪናው ውስጥ ነበራቸው፤ በሥራቸው ውስጥ ግን አልነበራቸውም። ያ የምድር ቤት መም ግን ፍሬኑን ግድግዳው ላይ ጽፎ ለጥፎታል፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜም ሰው ይመጣል።